በየትኛው እጅሽ?

ከትምህርት ቤት የመጣው ስም ዝርዝር አልቋል፤
አርባ ሁለት ልጆች፣ ሁሉም ራይት ተብሏል።
ለጤና ጣቢያችን "መቶ በመቶ" አልኩኝ፤
ማኅተሙን ልመታ ስል እጄ ዘገየብኝ።

ኮዬ ፈጬ፣ ብሎክ መቶ ስልሳ፣ ከአራተኛው ፎቅ
ምንጣፍ ታራግፋለች፣ አቧራው ውስጥ ፊቷ እስኪደበቅ።
በየትኛው ክፍል፣ በማን መዝገብ ልፈልጋት?
ደብተር የላት፣ ቦርሳ የላት፣ ዩኒፎርም የላት።
መቶው የሞላው ለካ
እሷ ሳትነካ።

ቀዝቃዛ ሳጥኔን በትከሻ አንግቤ
ደረጃውን ወጣሁ፣ ቃሌን አሰባስቤ።
(ሊፍቱስ? እሱ ከተተከለ ሠርቶም አያውቅ።)
በሩ ተከፈተ፣ ሰንሰለቱ እንዳለ፤
አንድ ዓይን፣ ግማሽ አፍ፣ "ማንን ነው?" እያለ።

"እዚህ ተማሪ የለም፤ ልጄ ገና ጨቅላ።"
"ምንጣፍ የምታራግፈዋስ?" "እሷማ ሌላ ናት፣ ሌላ።
ደግሞ መርፌው ያመክናል ሲባል ሰምቻለሁ፤
ነገ ለወላጆቿ ምን እመልሳለሁ?"

"አያመክንም" አልኩኝ፤ "የማህፀኗን በር ነው
ካንሰር እንዳይገባ ቀድሞ የሚጠብቀው።
የገዛ እህቴን ልጅ እኔው ነኝ የወጋሁ..."
በሩ ጥርቅም አለ፤ ለእንጨት አወጋሁ።

ሁለተኛ ሄድኩኝ፤ "ወጥታለች" ተባልኩኝ።
ሦስተኛው ላይ ደግሞ ዘበኛው መለሰኝ።
በእግሬ ስመለስ ሳጥኔ ይንቦጫረቃል፤
በረዶው ለቅቆታል፣ ውሃ ብቻ ሆኗል።
ውሃ...
ውሃ የሚያመጣው ቦቴ ማክሰኞ ማታ ነው!
ሰልፉ ላይ የሚቆም ታዲያ ማነው? ማነው?

ማክሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ከአስፋልቱ ዳር
ቢጫ ጀሪካን ሁሉ ተደርድሮ ነበር።
በየጀሪካኑ ጀርባ አንዲት ልጅ ቆማለች፤
ተራዋ እስኪደርሳት ድረስ የማንም አይደለች።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፣ ሳጥኔን ታቅፌ፤
መጀመሪያ ሳቁ፣ ሲያዩት የኔን መርፌ።
ከዚያ አንዷ መጣች። "አንጓች እባላለሁ።
ያቺ ምንጣፍ አራጋፊ ነኝ፤ ከላይ አይቼሻለሁ።"

"ዕድሜሽ?" "እኔ አላውቅም። እናቴ ስትነግረኝ
በረዶ ስንዴውን ባወደመው ዓመት ወለደችኝ።
ወንድሜ አሥራ አምስት ሞላው ዘንድሮ በግንቦት፤
እኔ ተከታዩ ነኝ።" በጣቴ ቆጠርኩት፤
አሥራ ሦስት። ቢበዛም አሥራ አራት። ይሆናል።
የልደት ቀን የሚለው ቦታ ባዶ ይቀራል።

የጎረቤት ስልክ ቁጥር በቃሏ ይዛለች፤
ደወልን። እናቷ እየሮጠች መጣች፤
ትንፋሿ ይሰማል። ነገሩን ነገርኳት።
ካንሰር የሚለው ቃል ላይ ዝም አለች፤ ጠበቅኳት።
"ስንት ብር ነው?" "በነጻ።" "ያማታል?" "ጥቂት ነው።"
"እንግዲያው እጇን ያዥልኝ። እኔ ከዚህ ምን ላድርገው።"

"አንጓች፣ በየትኛው እጅሽ ነው ውሃ የምትሸከሚ?"
"በቀኜ።" "ግራውን ስጪኝ። ክንድሽን አላልተሽ ቁሚ።"
አንድ ጊዜ ነው፣ አበቃ። ጥጡን ተጫነችው።
ቦቴው ጡሩምባ ነፋ፤ ጀሪካኗን ገፋችው።
ካርዱን ለእመቤቷ እንድታሳይ ሰጠኋት፤
"እናቴ ፈቅዳለች፣ በያት" ብዬ ላክኋት።

ስድስት ወጋሁ በዚያ ማታ። ሁለቱ እምቢ አሉ፤
"በሚቀጥለው ማክሰኞ እናያለን" እያሉ።
ቢሮ ገብቼ መቶውን በእስክሪብቶ ሰረዝኩት፤
ከአርባ ሁለት በታች ባዶ መስመር ጨመርኩት፤
አንድ አይደለም፣ ብዙ። ስንት እንደሚሆኑ
የቦቴው ሾፌር ነው የሚያውቀው፣ እስከ አሁኑ።

በማግስቱ ሳልፍ ቀና አልኩ ወደ ፎቁ።
ምንጣፉ ከብረቱ ላይ ነው፤ በአንድ እጅ ትመታዋለች፣ በቀኙ።
አየችኝ መሰለኝ፤
ግራ እጇን ከፍ አርጋ አወዛወዘችው፤
ሰላምታ ይሁን ሕመም፣ እሷ ናት የምታውቀው።